የማታመሰኳ ጊደር

ፍኖተ ሰላም የእንስሳት መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ስመጣ ሥራውን አውቀው ነበር። የማላውቀው ሰላምታውን ነው። ያደግሁት ደሴ ከተማ መሃል ስለሆነ፣ ሱቅ የገባ ሰው የሚፈልገውን ተናግሮ፣ ገዝቶ ይወጣል ብዬ ነበር የማስበው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገበሬ ገቡ። ገና ዱላቸውን ከበሩ ጥግ ሳያስደግፉ «ምን ልስጥዎት?» አልኳቸው። መደርደሪያውን አየት አደረጉና፣ ኧረ ምንም፣ እንዲያው ሰላም ልበል ብዬ ነው ብለው ወጡ። ኋላ ስሰማ ጎረቤት ካለው የጨው ሱቅ ገብተው፣ ያቺ ልጅ እንዲህ የቸኮለችው ሰው ሞቶባት ይሆን ብለው ጠይቀዋል።

ያስተማሩኝ አከራዬ ናቸው፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት። እሳቸውና ባለቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ግቢያቸው አንዲት ክፍል አከራይተውኝ ነበር። የገበሬውን ነገር ሳጫውታቸው «እዚህ ሀገር የገባ ሰው መጀመሪያ እንግዳ ነው፤ ገዢ የሚሆነው ኋላ ነው» አሉኝ። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። እሳቸውም፣ በሥራ ዘመናቸው በሽተኛ ሲቀበሉ ከሕመሙ በፊት የበሬውን ደኅንነት ይጠይቁ እንደነበር ነግረውኝ ሳቁ።

ተማርኩ። እንዴት ሰነበቱ፣ ልጆች ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ አዝመራው እንዴት ይዟል፤ ከዚያ ዝም ማለት። በዝምታው ውስጥ ሰውየው በራሱ ጊዜ ወደ ጉዳዩ ይመጣል። ሲመጣም በቀጥታ አይናገረውም። በሬው ሊሞት ደርሶ «እንዲያው ትንሽ ደከም ብሎብኛል» ይላል። ላሟ ጥጃዋን ጥላ «ዘንድሮ አልቀናትም» ይላል። እኔም ቃሉን ሳላፈርስበት በጎን በጎን እየዞርኩ እጠይቃለሁ፤ ትበላለች? ታመሰኳለች? እበቷ እንዴት ነው? ከተሜውን «እርስዎ» ትቼ እንደ ሀገሬው «አንቱ» ማለት ለመድኩ። ጥቂት ቆይቼ ሥራዬን ወደድኩት። አንድ ሰው መጥቶ ስለ በሬው ሲያወራኝ ስለ ቤቱ ሁሉ እየነገረኝ እንደሆነ ይገባኝ ጀመር።

ከዚያ ዘመኑ ከፋ። መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስልኩ ጠፋ። ወደ ባህር ዳር የተነሣ ሚኒባስ ዱርቤቴ ደርሶ ተመለሰ የሚባልበት ጊዜ ነበር። ከሩቅ ይሰማ የነበረው ተኩስ ከከተማው ዳር ይሰማ ጀመር። ሰላምታው አልቀረም፤ ውስጡ ግን ተለወጠ። ቀድሞ «ከወዴት መጡ?» ማለት ከሁሉም የበለጠ ትሕትና ነበር። ሰውየው ከቋሪት ነኝ ወይም ከፈረስ ቤት ነኝ ካለ፣ ስለ ሀገሩ ዝናብና ስለ ገብሱ ይጠየቃል፣ ደስ ይለዋል። አሁን ይህን የሚጠይቅ ሰው የሚያስፈራ ሆነ። ማንም ከየት እንደመጣ፣ በየት በኩል እንዳለፈ መናገር አይፈልግም። እኔም መጠየቁን ተውኩት።

የማላውቀው ሰው ሲገባ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጠራው ይጨንቀኛል። መሣሪያ የያዘም ይገባል፣ ያልያዘም ይገባል። በማዕረግ ብጠራው ከአንዱ ወገን ቆጠርሽኝ ይለኛል ብዬ እሰጋለሁ። «ወንድሜ» ብል ደግሞ የማን ወንድም እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ ሁሉንም «ጋሼ» ማለት ጀመርኩ፣ ከእኔ የሚያንሰውን ጭምር። እነሱም ጨዋ ነበሩ። እንደዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ጨዋ የሆነበት ጊዜ አላየሁም። ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ጠፋ፤ ሁሉም «ካላስቸገርኩሽ» ይላል፣ ሁሉም እግዜር ይስጥልኝ ይላል። ያ ልስላሴ ነበር እንቅልፍ የሚነሳኝ።

መስከረም ውስጥ ነው፣ የገበያ ቀን። ረፋዱ ላይ ዝናብ ጣለና ገበያተኛው በየበረንዳው ተጠለለ። ከዝናቡ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ሰው ገብቶ ለውሻዬ የመዥገር መድኃኒት እፈልጋለሁ አለ። ከአርባ ያልዘለለ፣ ንጹሕ ጃኬት የለበሰ፣ ጥቁር ጥላ የያዘ ነው። አነጋገሩ የከተማ ነው፤ የየትኛው ከተማ እንደሆነ ግን ጆሮዬ ሊለይልኝ አልቻለም። መድኃኒቱን ሰጠሁት። ሰውየው ግን አልሄደም። ዝናቡ እስኪያባራ እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ልቀመጥ፣ ካላስቸገርኩሽ እህቴ አለኝ። ጥላ ይዟል። ቢሆንም ዝናብ ሸሽቶ የተጠጋን ሰው ውጣ አይባልም፤ ይቀመጡ ጋሼ አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ አቀርቅሮ ይነካካል። ኔትወርክ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ቆየት ብሎ፣ አንገቱን ሳያቀና፣ ሰሞኑን የቁስል መድኃኒት የሚገዛ ሰው በዝቷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ ከብቱ ጭቃ ላይ ሲውል ሰኮናው ይቆስላል፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብዬ መለስኩ። «እውነትሽን ነው» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

በዚህ መሃል አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ገቡ። ከቋሪት ደጋ የሚመጡ ገበሬ ናቸው፤ በሬዎቻቸውን በዝና አውቃቸዋለሁ። «ዶክተሬ» ነው የሚሉኝ። ዶክተር አይደለሁም ብያቸው «ለበሬዬ ነሽ» ብለውኛል። ሁልጊዜ ሰላምታቸው ረጅም ነው። የዚያን ዕለት ግን ውሃው ከጋቢያቸው እየተንጠባጠበ ቀጥ ብለው ወደ ባንኮኒው መጡና አፋቸውን ከፈቱ። ወዲያው ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው አዩት። አፋቸውን ገጠሙ። ከዚያ ሰላምታውን ጀመሩ፤ እንዴት ሰነበትሽ ልጄ፣ አከራዮችሽ ደኅና፣ ወሎ ያሉት ቤተሰቦችሽ ደኅና። ለሰውየውም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። እሱም ብድግ ብሎ አጸፋውን መለሰ።

«አንዲት ጊደር አለችኝ» አሉ በመጨረሻ። «እሾህ ቢጤ እግሯን ወጋት።»

መቼ እንደወጋት ጠየቅኋቸው፤ ከሰንበት ወዲህ ነው አሉ። አብጦ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ አብጧል፣ ይሞቃልም አሉ። እኔ እስካሁን የማስበው ጊደር ነው። የለመድኩትን ጥያቄ ቀጠልኩ።

«ታመሰኳለች?»

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሁሉ ከከብት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ይህችን ጥያቄ ግን አለፏት።

«አትበላም» አሉ። «ውሃ ውሃ ትላለች። ሌሊት ሌሊት ትቃዣለች።»

ከብት አይቃዥም። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ እሳቸውም ሰሙት፤ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ወደ ወንበሩ ማየት ፈለግሁ፣ ግን ካየሁ ያበቃል። እጄ ላይ የነበረውን ብልቃጥ መጥረግ ጀመርኩ።

«ትንፈራገጣለች ማለትዎ ነው» አልኩ፣ ድምፄን የሥራ ድምፅ አድርጌ።

«እንደሱ ነው ልጄ። ትንፈራገጣለች።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ጊደር አልነበረችም፤ እግሯን የወጋትም እሾህ አልነበረም። ሐኪም ቤት ለምን አልወሰዷትም ብዬ የምጠይቅም አልነበርኩም። መንገዱ ተዘግቷል፤ የጥይት ቁስል ይዞ የሄደ ሰው የማን ልጅ እንደሆነና ማን እንደመታው ይጠየቃል እየተባለ ይወራል። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ሰው ግን በወሬው ነበር የሚኖረው።

ሽማግሌው፣ በሬያቸውን የወጉባትን ያቺን ቢጫ መድኃኒት ከነመርፌዋ እንድሰጣቸው ለመኑኝ። መርፌውን አውቀዋለሁ። የበሬ ቆዳ የሚበሳ ወፍራም መርፌ ነው። መድኃኒቱን ራሳቸው በአንድ እጃቸው በሬውን ደግፈው በሌላው እንደሚወጉ ከዚህ በፊት በኩራት ነግረውኛል። እምቢ ብላቸው ከሌላ ሱቅ ገዝተው ይወጓታል። እውነቱን ብናገር ሰውየው ይሰማል። ያለኝ መንገድ ጊደሯ ብቻ ነበረች።

«አባቴ፣ ይቺ ጊደር ዘሯ ሌላ ነው» አልኩ። «ለበሬ የሚሆነው ለእሷ አይሆናትም። በዚህ መርፌ ቢወጓት ያጧታል።»

«እኔ የማውቀው እሱን ነው» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«የዘሯን ነገር የሚያውቅ ሰው አለ።»

ወንበሩ ሲጥጥ አለ። ሰውየው ስልኩን ጃኬቱ ውስጥ ከቶ ቀና ብሏል። ነገራችሁ ውስጥ ገባሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ እኔም ከብት ስለምወድ ነው ብሎ፣ ጊደሯ ምን ዓይነት ዘር እንደሆነች በትሕትና ጠየቀ። ድቅል ናት አልኩት። የፈረንጅ ደም ያለባት ከብት ቆዳዋ ስስ ነው፣ መድኃኒቱም ይለያል አልኩ። እንደዚያ ፈጥኜ ዋሽቼ አላውቅም። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ።

«ቋሪት ድረስ ድቅል ከብት ገባ?» አለ።

ቋሪት ብሎ የተናገረ አልነበረም። እኔም አላልኩም፣ እሳቸውም አላሉም። በአነጋገራቸው ለይቶ ይሆናል፣ በጋቢያቸው አለባበስ ለይቶ ይሆናል። ወይም አስቀድሞ ያውቃቸዋል። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩና፣ እግዜር ያዘዘው ነገር የማይገባበት ሀገር የለም ልጄ አሉት፣ ፈገግ ብለው። ያን ፈገግታ ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

ይምጡ ልሸኝዎት አልኳቸው። እንግዳን ከበር አሳልፎ ጥቂት መሸኘት የሀገሩ ወግ ነውና ማንም አይጠረጥረውም። ሰውየው ግን ጥላውን ይዞ ተነሣ። አባት በዝናብ ሲሄድ ቁጭ ብዬ አላይም፣ እኔ በጥላዬ እሸኛቸዋለሁ አለ። ሽማግሌው አትልፋ ልጄ፣ ዝናብ ለገበሬ ዘመዱ ነው አሉት። እሱ ግድ የለም አባቴ አለ። እሳቸው አይሆንም አሉ። ሁለቱ እንዲህ በአክብሮት ሲገፋፉ ለሚያይ ሰው ደስ የሚል ነገር ነበር።

«ጋሼ፣ የውሻዎን መድኃኒት አበጠባበጥ አልነገርኩዎትም» አልኩት። «ሲሳሳቱት መርዝ ነው። አንድ አፍታ ይታገሱኝ።»

መርዝነቱ እውነት ነበር። ሰውየው አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ውጭ ወጣን። ዝናቡ ፊቴን ሲመታኝ መተንፈስ ቻልኩ። ሽማግሌውን እጃቸውን ይዤ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በራፉ ላይ የኮክ ዛፍ ያለበት ግቢ እንዲሄዱ፣ እዚያ ያሉት ነርስ የሰው ሐኪም እንደሆኑ፣ እኔ እንደላክኋቸውና እውነቱን እንዲነግሯቸው በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«ልጄ ናት» አሉኝ።

«አውቄያለሁ አባቴ።»

«ከወፍጮ ስትመለስ ነው። ምንም የማታውቅ ልጅ ናት።»

ዞር ስል ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል። ምን ያህል እንደሰማ አላውቅም። ለሽማግሌው ከወገቡ ጎንበስ አለና «እግዜር ይማርልዎ» አላቸው።

ለታመመ ከብት «ያትርፍልዎ» ይባላል። «ይማርልዎ» የሚባለው ለሰው ነው። ይህን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሽማግሌው አሜን ብለው በዝናቡ ውስጥ ሄዱ። እኔ ገብቼ መድኃኒቱ በምን ያህል ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ የውሻው ዓይን እንዳይነካ፣ ልጆች እንዳይደርሱበት አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ፣ አመሰገነኝ፣ ወጣ። ወደ ላይ ይሂድ ወደ ታች አላየሁም፤ ለማየት በሩ ድረስ መሄድ ፈርቼ ነበር።

ሱቁን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ነርሱን ነው። ሰውየው ከሰማ የነርሱን ቤት ያመላከትኩት እኔ ነኝ። ግቢው ስደርስ አከራዬ በሩ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«ይግቡ» አሉኝ።

በልጅነቴ እንዳሳደገችኝ እናት «አንቺ» ሲሉኝ ነው የኖሩት። «ይግቡ» ሲሉኝ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤታቸው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቦርሳቸውን ይዘው እንደወጡ፣ ሽማግሌውን የላኩት አንቱ መሆንዎን እንደሰሙ፣ በተስተካከለ ድምፅ ነገሩኝ። ስለ ሰውየው ነገርኳቸው፤ መደበቅ አልሆነልኝም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ራት አቀረቡልኝና «ይብሉ» አሉ።

በማግስቱ ነርሱ አልተመለሱም፤ በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። እኔ ሱቁን እከፍታለሁ፣ በሩ ላይ የሰው ጥላ ባረፈ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ። ሰው ገብቶ እንዴት ሰነበትሽ ሲለኝ የቃሉን ጀርባ እፈልጋለሁ። ማታ ስመለስ አከራዬ ውሃ ያሞቁልኛል፣ ምግብ ያቀርቡልኛል፣ ይቀመጡ ይላሉ፣ ይረፉ ይላሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቅርታ ብዬ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። ያ አክብሮት ግን ይቅርታ የሚጠየቅበት በር አልነበረውም። ወደ ደሴ እንዳልሄድ መንገዱ ዝግ ነው።

ነርሱ የመጡት አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ በእግራቸው ነበር። አከራዬ በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። ነርሱ እግራቸውን እየታጠቡ ነገሩን። ጥይቱ በባቷ ገብቶ ወጥቷል፣ አጥንት አልነካም። ቁስሉ ግን አመርቅዟል፣ ሲደርሱ ልጅቷ ራሷን አታውቅም ነበር። አጥበው፣ ቆርጠው፣ ለሰው የሚሆነውን መድኃኒት በሰዓቱ እየሰጡ ትኩሳቷ እስኪበርድ አጠገቧ ቆዩ። ተለይተዋት ሲመጡ ሾርባ ጠጥታ ነበር። መንገድ ላይ የጠየቃቸው ሰው እንዳለ ስጠይቃቸው፣ ሰላም ያላቸው ብዙ ነው፣ የጠየቃቸው ግን የለም አሉ።

አከራዬ ተነሥተው እንጀራ አመጡ። ሦስታችንም ተቀመጥን። እኔ እጄን አልዘረጋሁም።

«ብይ እንጂ አንቺ» አሉኝ አከራዬ። «ምን ይዞሽ ነው?»

ዕንባዬ መጣ። ፊቴን አዞርኩ።

ሰውየው ግን ተመልሶ መጣ። የገና በዓል አልፎ ነበር። ወንበሩ ላይ ገበያተኛ ሞልቷል፤ እሱ እንደ ሀገሬው ለእያንዳንዱ ረጅም ሰላምታ ሰጠና ያንኑ የመዥገር መድኃኒት ጠየቀኝ። ስቀዳለት ባንኮኒው ላይ ዘንበል ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጎ «ያቺ ድቅል ጊደር እንዴት ሆነች?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ ስንት ሌሊት መልስ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ሞተች ልበል፣ ተሸጠች ልበል፣ ዳነች ልበል።

«መድኃኒት ሻጭ ከብቱ ከበር ከወጣ በኋላ ያለውን አያውቅም ጋሼ።»

ዓይኑን ሳይነቅል አየኝ። «ልክ ነሽ» አለ። «አለማወቅም ደግ ነው።» መድኃኒቱን ኪሱ ከቶ ገበያ ይቅናሽ ብሎኝ ወጣ። ምክር ይሁን ማስፈራሪያ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ማን እንደነበር አላውቅም። ሽማግሌውን ሊጎዳ የመጣ ይሁን እንደ እኔ የፈራ ሰው፣ ውሻ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ፋሲካ ሲቃረብ ሽማግሌው መጡ። አብራቸው አንዲት ልጅ እግሯን ትንሽ እየሳበች ገባች፤ ነጠላዋ ሥር ዶሮ አቅፋለች። ማን እንደሆነች ማንም አልነገረኝም። ወንበሩ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ሰላምታቸውን ጨርሰው በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን መንገዱን ያዩ ጀመር።

«ዶሮዬ አልበላ አለችኝ» አለችኝ ልጅቷ፣ ቀስ ብላ።

ዓይኗን ትጨፍናለች ወይ አልኳት፤ ትጨፍናለች አለች። ኩሷ አረንጓዴ ነው ወይ አልኩ፤ ነው አለች። ፈንግል ነው፣ ከሌሎቹ ለይያት፣ ለሌሎቹ ክትባት እሰጥሻለሁ አልኳት።

«ይቺስ?» አለች።

ለብቻዋ አድርገሽ አሙቂያት፣ ውሃ አትከልክያት፣ አንዳንዴ ይተርፋሉ አልኳት። ዓይኗን ቀና አድርጋ አየችኝና ዶሮዋን መልሳ ሸፈነቻት። አባቷ እጃቸውን ዘረጉላት፣ ደረጃውን ወረዱ።

ልሸኛቸው ፈልጌ ነበር። ከዚያ ሰውዬ ወዲህ ግን መሸኘትም ያስፈራኛል፣ ወንበሩ ላይ ያሉት ሰዎችም ያዩኛል፤ ከባንኮኒው ጀርባ ሳልነቃነቅ ቆየሁ። ከዚያ ተራው ለደረሰው ሰው ፊቴን መለስኩና እንደምን ዋሉ ጋሼ፣ ቤተሰብ ደኅና፣ ከብቱ ደኅና አልኩት።